ከነፕላስቲኩ የተተከለው ወይራ

በደርግ ጊዜ፣ ከሐይቅ ብዙ በማትርቀው በሰባታሚት አጠገብ ባለ የችግኝ ጣቢያ ተለማማጅ ሁኜ ገባሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ እጄ ግን ለአፈር ክፉ አልነበረም። ሥራችን ያገር ዛፍ በፕላስቲክ ከረጢት እያፈላን፣ ከብት እንዳይገባበት በታጠረ ራቁት ኮረብታ ላይ መትከል ነበር። ኮረብታውን «በረሃው» እንለዋለን። ማን በረሃ እንዳደረገው የሚጠይቅ አልነበረም።

የወይራ ዘር አስቸጋሪ ነው። ቅርፊቱ ድንጋይ ነው፤ ውስጡን ሳይጎዱ ቀስ ብሎ መሰንጠቅ ይፈልጋል። ዘሩን የለቀምሁት ሐይቁ ዳር ካለ ቤተ ክርስቲያን፣ ከአንድ አሮጌ ወይራ ሥር ነው። የደብሩ ቄስ ሲፈቅዱልኝ፣ ዛፉ እየደረቀ ስለሆነ ከሚበቅለው ጥቂት እንድመልስላቸው ቃል አስገቡኝ። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር የወጣ ነገር ሳይመለስ መቅረት የለበትም፤ የቦታው ወግ ነው።

አለቃችን ከኮሌጅ የመጣ ጓድ ነበር። ወይራን ከብሳና የሚለየው የተለጠፈበትን ጽሑፍ አንብቦ ነው። ችግኙ ለተከላ በደረሰ ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ከበላይ እንግዳ ይመጣል ተባለና ኮረብታው በሦስት ቀን አረንጓዴ እንዲሆን አዘዘ።

«ጓድ፣ ዝናቡ እኮ ሄዷል። ሰኔን ብንጠብቅ?» አልሁት።

«እንግዳው ሰኔን አይጠብቁም።»

«ፕላስቲኩንስ አንቀድደውም?»

«ጊዜ ይፈጃል። ሥሩን ማን ያየዋል?»

ከነፕላስቲኩ ተከልን። እኔም ተክያለሁ። መስመሬ ቀጥ ማለቱን ሲያመሰግኑኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የኔም ጅልነት ቀላል አልነበረም።

እንግዳው ከመኪናቸው ሳይወርዱ «በርቱ» ብለው ወደ ምሳቸው ሄዱ። በማግሥቱ ባልዲ ይዤ ስወጣ ጓዱ አገኘኝ።

«ወዴት ነው?»

«ችግኙን ላጠጣ።»

«ሪፖርቱ ሄዷል እኮ» አለኝ፣ እያዘነልኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ቅጠሉ ጠወለገ። ለቄሱ የገባሁት ቃል አላስተኛኝ አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነፍስ የቀራቸውን ዐሥራ አንድ ወይራዎች ነቅዬ በቅርጫት ወሰድሁላቸው። ቄሱ አንዱን አንሥተው ገለባበጡት።

«ይኼን ደግሞ ማን አለበሰው?»

«መንግሥት ነው፣ አባ።»

«እንግዲያ ቶሎ እናውልቅለት» አሉና ቢላዋ አመጡ። ፕላስቲኩን ቀድደን ሁሉንም ባሮጌው ወይራ አጠገብ ተከልናቸው።

ሰኞ ጓዱ ኮረብታውን ዞረ። የደረቀውን ሁሉ አልፎ የጎደለውን አየ። ስብሰባ ተጠራ፤ «የአብዮቱን ችግኝ ነቅያለሁ ብለህ ግለሂስ አድርግ» አሉኝ። አደረግሁ። አብረውኝ የተከሉት አጨበጨቡ። ልምምዴም በዚያው አበቃ።

መባረሬን ለቄሱ ስነግራቸው ብዙም አልደነገጡም።

«እንኳንም ተባረርህ። አሁን ለማጠጣት ጊዜ አለህ» ብለው ባልዲውን አቀበሉኝ።

እስከ ሰኔ ከሐይቁ እየቀዳሁ አጠጣሁ። ሦስቱ ያዙ።