ጋሼ ፍሬን የስፖርት መኪና ሲመርጥ

ዕድሜው ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ከንጋት በፊት ይነሣል፤ ጢሙን ይላጫል፤ የተተኮሰ ሸሚዝ ይለብሳል። አሮጌ መኪናውን እየነዳ ወደ መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው ይሄዳል። እዚያም የማሠልጠኛዋን መኪና ስፖኪዮዎች በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ የመጀመሪያውን ሠልጣኝ ቆሞ ይጠብቃል። እስኪመሽ ያስተምራል። ቤቱ ይገባል፤ እራቱን ይበላል፤ ዜና ይሰማል፤ ይተኛል። እሑድ መኪናውን ያጥባል። ከዚህ የተለየ ቀን በሕይወቱ ብዙ አልነበረም።

ሠልጣኞቹ «ጋሼ ፍሬን» ይሉታል። በማሠልጠኛ መኪና ውስጥ ከአስተማሪው እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለ፤ እሱም ቀኝ እግሩን ከዚያ ፍሬን ላይ አንሥቶ የማያውቅ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እግርዎን ትንሽ ያሳርፉት እንጂ! ይመኑን!» ይሉታል።

«እኔ የማምነው ፈጣሪንና ፍሬንን ነው። ፈጣሪ ራሱ ለሰው ቁርጭምጭሚት ያበጀለት ፍሬን እንዲረግጥበት ነው» ይላል።

ከተማው ውስጥ በእሱ እጅ ያላለፈ አሽከርካሪ ማግኘት ይቸግራል። የታክሲ ነጂው፣ ጥርስ ሐኪሟ፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም በመንገድ ሲያገኙት ክላክስ እየነፉ ያልፋሉ። እሱም ሰላምታቸውን ከመመለሱ በፊት ፍሬቻ ማብራታቸውን ያያል።

ባለፈው ክረምት ግን፣ ዝናብ ሲያካፋ በዋለ አንድ ቀን፣ አንዲት ነርስ እያስተማረ ሳለ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ የዞረበት አደባባይ ላይ ደረሱ። አራቱ መውጫዎች አራት የማያውቃቸው እንግዶች ሆነው ቆሙበት። የቱ ወደ ማሠልጠኛው እንደሚወስድ ከአእምሮው ጠፋ። ልጅቷ ትዕዛዝ እየጠበቀች ዞረች፤ ደግማ ዞረች፤ ሠለሰች።

«ጋሼ፣ ኧረ አዞረኝ! ልውጣ እንዴ?»

«አደባባይ እንደ ባልና ሚስት ክርክር ነው» አላት። «መውጫውን መርጦ የሚወጣ ነው ጨዋ። እስቲ አንቺ ምረጪ።»

ነርሷ ሳቀችና መረጠች። እሱ ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሄደበት ሐኪም ነገሩን አላድበሰበሰም። መድኃኒት የመርሳት በሽታውን ቢያዘገየው እንጂ እንደማያቆመው ነገረው። ብቻውን እንዳይነዳ መከረው፤ ስለ ማስተማሩም እንዲያስብበት ጠየቀው። እሱ አመስግኖ ወጣ፤ የሰማውንም ለማንም አልተናገረም።

በምትኩ ዘዴ ፈጠረ። ሠልጣኙ መሪውን እንደ ጨበጠ፣ «ዛሬ መንገዱን የምትመርጠው አንተ ነህ። እኔ ዕቃ ነኝ፤ አድርሰህ መልሰኝ» ይላል። ሠልጣኞቹ ወደዱት። የማሠልጠኛው ሥራ አስኪያጅም በሌሎቹ አስተማሪዎች ፊት፣ «በራስ መተማመንን ማስተማር ከጋሼ ፍሬን ተማሩ» ብሎ አሞገሰው። ጭብጨባውን ቆሞ ተቀበለ። ያን ቀን ምሳውን መብላት አልቻለም።

ሥራውን በዘዴ ያዘው፤ ጠዋትና ማታ ብቻውን የሚነዳበትን መንገድ ግን ማንም ሊመርጥለት አይችልም። የስፖርት መኪና ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ስልኩን ከፊቱ አቁሞ በካርታ እየተመራ ቢነዳ፣ «ቤትህን ነው የምትፈልገው?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለተራ መኪናም ቢሆን «አቅጣጫ ጠቋሚ የግድ ይኑራት» ቢል፣ ለምን ይባላል። የስፖርት መኪና የሚገዛ ሽማግሌን ግን ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ይሳቅበታል እንጂ። የሚስቅ ሰው ደግሞ አይመረምርም። ስለዚህ መዘበቻ መሆንን መረጠ።

ወሬውን በአንድ እራት ላይ ሲያወጣው የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ጎማ ነጋዴው፣ በምግብ ሊታነቅ ደረሰ።

«የስፖርት መኪና? አንተ? ጋሼ፣ ሰው በሃያ ዓመቱ ያላበደውን በስድሳው ያብዳል እንዴ?»

«ስድሳ አልሞላኝም።»

«እህቴ፣ ስሚ እንጂ ጉድሽን! ባልሽ ጎረምሳ ሆኖልሻል። ጠጉሩን ቀለም ሲቀባ ደግሞ ጥሪኝ!»

ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ነገርን እንደ ጨርቅ አገላብጣ ካላየች አትቆርጥም። ባሏን ትክ ብላ አየችውና፣ «ይግዛ። ዕድሜ ልኩን ፍሬን ረግጧል፤ አንድ ቀን ቤንዚን ቢሰጥ ምናለ?» አለች። ሳቁ ደመቀ። እሱም አብሮ ሳቀ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ወደ መኪና መሸጫው ሄዱ። ወለሉ መስተዋት ይመስላል። ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪኖች ሁለት ነበሩ፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ግራጫ። ቀይዋ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ ሞተሯ ብርቱ፣ ቆማ እንኳ የምትሮጥ የምትመስል ናት። ግራጫዋ ጉልበቷ ያነሰ ነው፤ መልኳም ቢሆን ከሩቅ ካልሆነ አያስጎመጅም። ነገር ግን ከመሪዋ አጠገብ መጽሐፍ የሚያህል ስክሪን ተገጥሞላታል።

ጎማ ነጋዴው ቀይዋን ዞሮ ጎማዋን በእርግጫ ነካ አደረገ። «አለቀ! ይቺ ናት። የዚህችን ጎማ እኔ ራሴ አመጣልሃለሁ።»

«አቅጣጫ ጠቋሚ አላት?» ሲል ጠየቀ ጋሼ ፍሬን።

ሻጯ፣ ቀጠን ያለች ጥንቁቅ ወጣት፣ ፈገግ አለች። «ቀይዋ አብሮ የተሠራ የላትም። ግራጫዋ ግን አላት። እውነቱን ልንገርዎት ጌታዬ፣ አሁን ብዙ ደንበኞቻችን በስልካቸው ነው የሚጠቀሙት። የስልኩ ካርታ በየጊዜው ይታደሳል፤ የመኪናው ካላሳደሱት ያረጃል።»

«ሰማህ? ሻጯ ራሷ አትግዛ እያለችህ ነው» አለ ጎማ ነጋዴው። «ጋሼ፣ አንተ የመንገድ አባት! ጂፒኤስ ለአንተ ለዓሣ ዋና እንደ ማስተማር ነው። ሞተር ነው የሚገዛ፤ ማን ቴሌቪዥን ይገዛል?»

«ስልክ ይዘጋል። ኔትወርክ ይጠፋል» አለ እሱ። ቀጥሎም ወደ ሻጯ ዞሮ፣ «ድምፅ አለው? መታጠፊያው ላይ ከመድረሴ በፊት ነው የሚናገር ወይስ ስደርስ? መንገድ ብስት ይቆጣል ወይስ ደግሞ ይመራል?»

«ደግሞ ይመራል። 'ቤት' የሚለውን አንዴ ሞልተን ካስቀመጥንልዎት ደግሞ፣ የትም ይሁኑ የት፣ አንድ ጊዜ ሲነኩት እቤትዎ በር ድረስ ይመልስዎታል።»

«ከየትም?»

«ከየትም።»

«ከየትም?» ሲል ድምፁ ሳያስበው ዝቅ ብሎ ነበር። ሚስቱ የቀይዋን መቀመጫ ጨርቅ ስትዳስስ ቆይታ እጇን አነሣች።

ለሙከራ ግራጫዋን አስወጡለት። መቀመጫው ሁለት ብቻ ስለ ሆነ፣ በድርጅቱም ደንብ መሠረት፣ አብራው የገባችው ሻጯ ናት፤ ሚስቱና አማቹ በሩ ላይ ቀሩ። ሻጯ ከተማውን ዞሮ ወደ መሸጫው የሚመልስ መንገድ በስክሪኑ ላይ ሞላችለት፤ ከመኪናው ውስጥም የሴት ድምፅ፣ «ወደ ግራ ይታጠፉ» አለ።

ታጠፈ። ቀጥ በል ሲለው ቀጥ አለ። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከፊቱ ያለው መንገድ ስም ባይኖረውም፣ አላስፈራውም። ሕንጻዎቹን መጠየቅ አላስፈለገውም። ሞተሯ ስታጓራ ደረቱ ተከፈተ፤ ሻጯም፣ «አቤት አነዳድ! አስተማሪ መሆንዎ ያስታውቃል» አለችው። ሰውየው ተደሰተ። ይህን ያህል ቀላል ከሆነ፣ አለ ለራሱ፣ ገና ብዙ ዓመት አለኝ።

«አሁን ወደ ቀኝ ይታጠፉ» አለ ድምፁ።

በስተቀኝ ያለው መንገድ ተቆፍሯል። ነጭና ቀይ ሪባን ተወጥሮበታል፤ ከሪባኑ ወዲያ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሠራተኞች ጎንበስ ብለው ቧንቧ ይቀብራሉ። ይህን ሁሉ በደንብ አየ። ዓይኑ ቁም አለው። እሱ ግን የገዛ ዓይኑን ማመን ከተወ ሰንብቷል፤ ዓይኑ አላውቀውም ያለው ጎዳና ስንት ጊዜ የገዛ ሰፈሩ ሆኖ አግኝቶታል! ምናልባት ሪባኑም እንደዚያ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ይህን ማሰብ ደግሞ የዓይን ቅጽበት ያህል እንኳ አልፈጀበትም። ስፖኪዮ አየ፤ ፍሬቻ አበራ፤ ማርሽ ቀነሰ። ለፈተና እንደ ቀረበ ሠልጣኝ ደንቡን አንድም ሳያጎድል ወደ ጉድጓዱ ታጠፈ።

«ጋሼ!»

ሻጯ ጌታዬ ማለቱ ጠፍቶባት ነበር። ቀኝ እግሯ ፔዳል የሌለበትን ወለል ደጋግሞ ረገጠ። ያቆመው ያ እግር ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የራሱ እግር ያደረገውን ሲያደርግ አየውና ፍሬኑን ያዘ። መኪናዋ ሪባኑን በጥሳ፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ጥቂት ሲቀራት ቆመች። አንድ ሠራተኛ አካፋውን ጥሎ ከቦዩ ዳር ሸሽቷል።

«ሰውየው! ዓይን የለህም?» ብሎ ጮኸ ሠራተኛው።

«አለኝ» አለ። መልሱ እውነት በመሆኑ ከጉድጓዱ ይልቅ እሱ አስደነገጠው።

«እባክዎ ዞረው ይመለሱ» አለ የመኪናው ድምፅ፤ በዚያው በማይለወጥ ትሕትናው።

ወደ መሸጫው ሻጯ ነዳች። በሩ ላይ ሲደርሱ ፊቷ አመድ መስሎ፣ «ካርታው ሳይታደስ ቆይቷል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው» አለች። ጎማ ነጋዴው አጨበጨበ። «አላልኩህም? ያረጀ ካርታ! ቀይዋን ውሰድና ተገላገል!» ሚስቱ ግን ከመሪው ጀርባ የወረደችው ባሏ ሳይሆን ሻጯ መሆኗን ልብ ብላ ነበር።

አማቹ እቤት አድርሷቸው ሄደ። ፀሐይ ገና አልገባችም። ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፤ ነገር ግን ፔዳሉን አልረገጠችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«አንተ ሰው፣ ተው።»

ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ።

«ማታ ማታ ከመንገዱ ጫፍ ላይ ስትደርስ ትደውልልኛለህ» አለች። «'በረንዳ ላይ ውጪልኝ፣ ልይሽ' ትለኛለህ። እኔ ሞኟ ፍቅር መስሎኝ! በዚህ ዕድሜዬ ሻሼን አሳምሬ መውጣት ጀምሬ ነበር። በኋላ ነው እኔን ሳይሆን በሩን እንደምትፈልግ የገባኝ።»

«አንቺንም ነበር» አለ።

«ይሁን።» ጣቷን በጨርቁ ጠርዝ ላይ አስሄደች። «ሐኪም ምን አለ?»

ነገራት። አላለቀሰችም፤ አላጽናናችውምም። ከሰማችው ውስጥ የሚያጽናና ነገር ፈልጋ ስላጣች ይመስላል። «ነገ ጠዋት የምታስተምረው ማንን ነው?» ስትል ጠየቀችው።

«አንዲት የትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። ነፍሰ ጡር። ሳትወልድ መንጃ ፈቃዴን ልያዝ ብላ ነው።»

ሚስቱ የጀመረችውን ጨርቅ አጥፋ አስቀመጠችና ወደ እሱ ዞረች።

በማግስቱ አሞኛል ብሎ ቀረ። በዚያው ሳምንት ረቡዕ ወደ ማሠልጠኛው በእግሩ ሄደ፤ እስከ ማሠልጠኛው በር ድረስ ሚስቱ ሸኘችው። ሥራ አስኪያጁን ቢሮው ውስጥ አግኝቶ ነገሩን ከሥሩ አስረዳው። ሥራ አስኪያጁ ያሞገሰበት ዘዴ ከምን እንደ መጣ ሲገባው ቀና ብሎ ማየት አፈረ።

«ጋሼ፣ መኪናው ይቅር፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጠህ የመንገድ ምልክቶችን አስተምር። እሱን ማን እንዳንተ ያውቃል?»

«ዛሬ አውቃቸዋለሁ» አለ ጋሼ ፍሬን። «የማላውቃቸው ቀን መምጣቱን የምታውቁት ግን አንዱ ልጅ በእኔ ትምህርት ተማምኖ መንገድ ከገባ በኋላ ነው። አይሆንም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ ነው?»

የአሠልጣኝነት መታወቂያውንና የማሠልጠኛዋን መኪና ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። መንጃ ፈቃዱንም ከኪሱ አውጥቶ ከላያቸው ደረበ። ሥራ አስኪያጁ «እሱ እንኳ የግልህ ነው፤ ያዘው» ቢለው እጁን አልዘረጋም። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ የራሱ መኪና ይሁን የሌላ ሰው፣ ፔዳል ካለበት ወንበር ላይ ዳግመኛ ላለመቀመጥ ወሰነ።