የፍየሏ ባለቤት

ዛሬ ጠዋት የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ስደርስ ዘበኛው በሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ እየለጠፈ ነበር። በጣሳ ዱቄት በጥብጦ፣ እሳት ላይ አማስሎ ያመጣውን ሙጫ በጨርቅ እያጠቀሰ ግድግዳውን ሲቀባ፣ ያ ለብ ያለ፣ ጥሬ ጥሬ የሚል የዱቄት ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ዘበኛው "ምነው እህቴ፣ ማንበብ አቃተሽ?" ብሎ ሳቀብኝ። ማንበቡስ አላቃተኝም። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እስከ አራተኛ ክፍል ስለ ተማርኩ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ እደርስበታለሁ። "ደንበኞች ልብሳቸውን በጊዜው እንዲወስዱ ይጠየቃሉ፤ በጊዜው ያልተወሰደ ልብስ ይሸጣል" ይላል። ማን እንደሚጠይቅ፣ ማን እንደሚሸጥ አይናገርም።

እንግሊዝኛ ሲጻፍ ይህን ነገር ይወዳል። የመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ "ከምግብ በኋላ ይወሰዳል" ይላል፤ የጨርቁ ጣቃ ላይ "በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል" ይላል። የስፌት ቤቱ ጌታ ለፈረንጅ ደንበኞቹ በሚልከው ወረቀት ላይ ደግሞ "ቀሚስዎ በሚተኮስበት ጊዜ ተቃጥሏል" ተብሎ ይጻፋል፤ ካውያውን ቀሚሱ ላይ ትቶ ወሬ የያዘው ራሱ ጌታው እንደ ነበር ግን እኛ ሰፊዎቹ እናውቃለን። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በገባሁበት ትምህርት ቤት ከህንድ የመጣ አስተማሪ ነበረን። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ "ድመቷ ወተቱን ጠጣች" ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ ቀጥሎ ገለበጠውና "ወተቱ በድመቷ ተጠጣ" አደረገው፤ ከዚያ "በድመቷ" የሚለውን በመዳፉ ጠርጎ "ወተቱ ተጠጣ" የሚለውን ብቻ ተወው። አንዱ ልጅ "ድመቷስ የት ገባች?" ቢል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው ግን ሳይቆጣ፣ አድራጊው ካልታወቀ፣ ወይም ሁሉም ሰው ካወቀው፣ ወይም ስሙ ባይነሳ ከተሻለ እንደሚተው አስረዳን። እጄን ማውጣት የማልደፍር ልጅ ነበርኩ እንጂ፣ ያንን ትምህርት እኔ ከእሱ በፊት፣ በጣሊያን ጊዜ፣ ጉለሌ ላይ ተምሬዋለሁ።

ቤታችን ወደ እንጦጦ ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነበር። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከተራራው እየተንከባለለ ወርዶ በሩ ላይ ይቆማል፤ ነፋስ ሲነሳ የዛፉ ቅርፊት እንደ አሮጌ ጨርቅ እየተቀደደ ጣራችን ላይ ይወድቃል። ከጎረቤታችን ከእትዬ ጫልቱ የሚለየን የጭራሮ አጥር በጣም የሳሳ ስለ ነበር የእሷ ልጅ ሲያለቅስ እኛ ቤት ያለ ሰው እሹሩሩ ይል ነበር። እትዬ ጫልቱ ከተራራው ማዶ የመጣች፣ ስትቆጣ በኦሮምኛ፣ ስትስቅ በአማርኛ የምትናገር ረጅም ሴት ናት። ጡቷ ስለ ደረቀ ሕፃኑ የሚያድገው በአንዲት ጥቁር ፍየል ወተት ነው፤ ስሟም ጉራቻ ይባላል፣ በኦሮምኛ ጥቁር ማለት ነው። ጉራቻ የሰፈሩን ሁሉ ጎመን የቀመሰች፣ የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ የምታኝክ፣ ተይ ሲሏት ቆማ ሰውን በትዝብት የምታይ ፍየል ነበረች።

የእትዬ ጫልቱ ባል ከአርበኞች ጋር ጫካ ነው። ጣሊያን ሲጠይቅ "አገር ቤት ለአጨዳ ሄዷል" ይባላል፤ አጨዳው ግን ክረምት ከበጋ አያልቅም። እናቴና እትዬ ጫልቱ በአጥሩ ቀዳዳ የሚያወሩት ወሬ ሁሉ ሰው የሌለበት ነበር።

"ተላከ?"

"ተላከ።"

"ደረሰ?"

"ደረሰ ተብሏል።"

በእንጨት ለቃሚዎች እጅ ወደ ተራራው ስለሚሄደው ስንቅ መሆኑ ይገባኝ ነበር። አንድ ቀን "ማን ላከ?" ብዬ ብጠይቅ እናቴ ጭኔን አጥብቃ ቆነጠጠችኝ፤ ሁለተኛ ማን ብዬ አልጠየቅሁም።

ጣሊያኖቹም በአማርኛ ሲጽፉ እንዲሁ ነበሩ። አዋጃቸውን አምጥተው መንገዱ ዳር ያለው ወፍራም ባሕር ዛፍ ላይ በዱቄት ሙጫ ይለጥፋሉ፤ ከሰፈራችን ማንበብ የሚችሉት ጋሼ ወልዴ መነጽራቸውን በክር አስረው ለተሰበሰበው ሰው ያነቡለታል። "ከመሸ በኋላ ከቤት መውጣት ተከልክሏል። መሣሪያ የተገኘበት ይገደላል። ሽፍታ ያስጠጋ ቤቱ ይቃጠላል። አዋጁን የቀደደ ይታሠራል።" ጋሼ ወልዴ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን እየፈቱ "እንግዲህ ተሰምቷል" ይላሉ፤ ሰውም በየቤቱ ይበተናል። በዚያን ጊዜ የሚበላ እህል እንኳ ጠፍቶ ነበርና አሮጊቶቹ ከአዋጁ ይልቅ ለሙጫው ዱቄት ያዝኑ ነበር።

ዱቄቱን እንደ አሮጊቶቹ እንደ እህል ያየችው ጉራቻም ነበረች። የሑዳዴ መግቢያ ሰሞን፣ አዋጁ በተለጠፈ ማግስት፣ ገና ጎህ ሲቀድ ከእናቴ ጋር ውሃ ልንቀዳ ስንወጣ ጉራቻ በኋላ እግሮቿ ቆማ፣ የፊቶቹን ግንዱ ላይ አሳርፋ፣ እንደ ተሳላሚ ዛፉን ስትልስ አገኘናት። የወረቀቱ እኩሌታ ሆዷ ገብቷል፤ የቀረው ከአፏ ተንጠልጥሎ በነፋስ ይወዛወዛል። እናቴ ድምፅ ሳታሰማ ሮጣ እትዬ ጫልቱን ጠራቻትና ሁለቱም ጉራቻን በጆሮና በቀንድ እየጎተቱ ከበረት ከተቷት። "ወይኔ ጉዴ፣" አለች እትዬ ጫልቱ፣ "ፍየል ጣሊያንን በላች!" ሁለቱም አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቁ ጠፋ። ፍየሏ ከተጠራች ባለቤቷ ትጠራለች፤ ባለቤቷ ከተጠራች "ባልሽስ?" ትባላለች።

ጠዋት ረፈድ ሲል ካፒቴኑ ከወታደሮቹ ጋር መጣ። አዋጁን የቀደደው ሰው ካልወጣ ቤት ሁሉ አንድ በአንድ እንደሚፈተሽ ተናገረ። ያስተረጎመው ከበደ ነው፤ ከበደ የእኛው ሰፈር ልጅ፣ ከእትዬ ጫልቱ እጅ ብዙ ቂጣ የበላ፣ ጣሊያንኛ ከሚሲዮኖች የተማረ ጎረምሳ። ጋሼ ወልዴ ጊዜ ለመግዛት ብለው "አገሩ ደንብ አለው፣ በአውጫጭኝ ይጣራ" አሉ። አውጫጭኝ የዱሮ ሥርዓት ነው፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ይታገዳል፣ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ወደ ዳር ይወጣና የሚያውቀውን ይናገራል፤ ተናጋሪው ግን ስሙ አይጠራም፣ "ወፍ ነገረችኝ" ተብሎ ያልፋል። ካፒቴኑም ነገሩ ደስ አለውና ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ።

ሜዳው ላይ ታጎርን። ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች፤ ሕፃናት ማልቀስ፣ ሽማግሌዎች ማዛጋት ጀመሩ። እኔ ከእናቴና ከእትዬ ጫልቱ መካከል ተቀምጫለሁ፤ እትዬ ጫልቱ ሕፃኑን ታቅፋለች። ጋሼ ወልዴ ከዳር ተመለሱና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ወፍ እንዲህ አለች፦ ወረቀቱ አልተቀደደም፣ ተበልቷል" አሉ።

ከበደ ሲያስተረጉም ካፒቴኑ ፊቱን አጨማደደ፤ ብዙ ተናገረ።

"ጋሼ፣ ወፏ የማን ናት ይላል።"

"የእግዜር ናት በለው።"

"ትምጣ ይላል።"

"በራለች በለው፣ ልጄ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፍኖ ሲያስነጥስ ሰማሁ። ካፒቴኑ ግን ከወንበሩ ተነሳ። ተበላ ከተባለ የበላውን አሁን አያለሁ ብሎ የሰፈሩ ፍየሎች ሁሉ ከየበረቱ እንዲነዱ፣ ሌላ አዋጅም በዚያው ዛፍ ላይ እንዲለጠፍ አዘዘ። ወታደሩ ሙጫውን ባልዲ ሙሉ አምጥቶ ቀባ። ያ ሽታ ሜዳውን ሞላው፤ ጾመኛው ሁሉ ምራቁን ዋጠ። ፍየሎቹ ተለቀቁ። ብዙዎቹ ከወታደሮቹ ደንግጠው ወደ ሣሩ፣ ወደ ቁጥቋጦው ተበተኑ። እኔ በልቤ "ጉራቻ፣ ሣር ብዪ፣ ሣር ብዪ" እላለሁ። እሷ ቆማ ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያ ወደ ቤቷ እንደምትሄድ ሴት ረጋ ብላ በወታደሮቹ መካከል አለፈችና የፊት እግሮቿን ግንዱ ላይ ሰቀለች።

"ይህች የማን ናት ይላል" አለ ከበደ። ሲናገር ማንንም አላየም፤ ወደ ተራራው ያይ ነበር። የማን እንደ ሆነች ከእኛ እኩል ያውቃል።

 ካፒቴኑ የሽጉጡን ሰገባ ከፈተ። እትዬ ጫልቱ ሕፃኑን ወደ እኔ ጭን አሸጋገረች፤ ልትነሳ እንደ ሆነ ገባኝ። እናቴ ትከሻዋን ይዛ ወደ ታች ተጫነቻትና እሷ ተነሳች። እናቴ ገበያ ላይ ዋጋ ስትጠይቅ እንኳ አፏን በነጠላ የምትሸፍን፣ ወንድ ካለበት ቤት ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ነበረች። ዓይን አፋርነቴን የወረስኩት ከእሷ ነው። ያን ቀን ግን ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገልጣ፣

"የእኔ ናት" አለች።

ከበደ ዞሮ አያት። ያ ቅጽበት ዛሬም አላለቀልኝም፤ እሷን ለማጋለጥ አንድ ቃል ብቻ ይበቃው ነበር። ላቡ በግንባሩ ሲወርድ አየሁ። ከዚያ በጣሊያንኛ አጭር ነገር ተናገረ፤ ካፒቴኑም መለሰለት።

"ባልሽ የት ነው ይላል፣ እትዬ።"

"በእነሱው መንገድ ላይ ድንጋይ ይፈልጣል። ይጠይቁት።"

እውነት ነበር፤ አባቴ የእነሱ የቀን ሠራተኛ ነው። እናቴ ያንን ተቀምጣ ሳለች አስባው እንደ ሆነ፣ ወይስ ከተነሳች በኋላ እንደ መጣላት፣ ነግራኝ አታውቅም። ካፒቴኑ ቀስ ብሎ መጣና በእጁ ጀርባ ሳይሆን በሽጉጡ እጀታ ግራ ጆሮዋን መታት። ጉራቻን እዚያው ገደሏት፤ ወታደሮቹ እግሯን ይዘው ጎተቷት። እናቴን ወደ ከተማ ይዘዋት ሄዱ። ቤት አልተፈተሸም። እትዬ ጫልቱ ሕፃኑን ከጭኔ ስትቀበለኝ እጇ እሳት ነበር።

ሑዳዴ ሊፈታ ሲል መለሷት። ከስታ ነበር፤ ስለ እስር ቤቱ ብትጠየቅ "ተኖረ" ከማለት በቀር አልተናገረችም። አጥሩን በዚያው ሰሞን አባቴ ፈቶ ለማገዶ አደረገው፤ ሁለቱ ቤቶች አንድ ግቢ ሆኑ። የሰፈሩ ሰው ለሕፃኑ ተራ እየገባ ወተት ያመጣ ነበር።

ጣሊያን ሲወጣ የእትዬ ጫልቱ ባል ጸጉሩን አጎፍሮ በድል ገባ። እናቴ ደግሞ ካቻምና ዐረፈች። ተዝካሯ ላይ ይኸው የእትዬ ጫልቱ ባል ለእንግዶቹ የዚያን ቀን ነገር ሲያወራ ሰማሁት፤ ጥሩ አውሪ ነው፣ ከወፏና ከካፒቴኑ ሲደርስ ሰው ሁሉ ሳቀ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ "እንዲያ ሆኖ ፍየል ተገደለች፣ ሰውም ተመታ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ሰፈሩ ተረፈ" አለ። ማን እንደ ተነሳች፣ ማን እንደ መታ፣ ማንን እንደ መታ ሳይል አለፈው። ክፋት የለበትም፤ የኖረበት አነጋገር ነው። እኔ ከጋን ጠላ እየቀዳሁ ነበር፤ ስሟን ልጠራ አስቤ መልሼ ወደ ጋኑ ጎነበስኩ። እትዬ ጫልቱ ግን ከተቀመጠችበት "ወርቅነሽ ናት!" ብላ ጮኸችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

እናቴ ወርቅነሽ ከዚያ ሜዳ ወዲህ በግራ ጆሮዋ አልሰማችም። እኛ ልጆቿ ማንም ሳያስተምረን በቀኟ በኩል መቀመጥ፣ በቀኟ በኩል መሄድ ለመድን፤ ምስጢር ካለን በቀኟ፣ ይቅርታ ካለን በቀኟ። ዛሬም ከማንም ሰው ጋር መንገድ ስሄድ ሳላውቀው ዞሬ በቀኙ እሆናለሁ። ሰዎቹ በሁለቱም ጆሯቸው ይሰማሉ።