የሱሩር ሥራ ሰው አይነዝርም

ሱሩር ሙሄ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሞተር ይጠግናል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እዚህ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውስጥ፣ ቤት ለቤት እየዞረ መብራት ያስገባል። እኔ የደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ሹፌር ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ጋቢና አስቀምጬው የሐረጎን ቁልቁለት አብረን እንወርዳለን። አጥራችንም አንድ ነው። ስለዚህ የማወራው የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው። ሰፈርተኛው ከኋላው ብዙ ያወራል፤ አባቱን የገደለ የሚሉትም አሉ። እነዚህን አንድ ቀን ሐረጎ መሀል ላይ ከመኪናዬ አወርዳቸዋለሁ።

ሱሩር ክፉ ሰው አይደለም። በሥራው ከመጡበት ግን አያድርስ ነው። አንድ ጊዜ ተሳፋሪ እንደጫንኩ አስቆመኝና ወረደ፤ መንገድ ዳር ግድግዳ ላይ የተላጠ ሽቦ አይቶ ኖሮ የባለሱቁን በር ይደበድብ ጀመር። ሰውየውን እንደ ልጅ ተቆጥቶት፣ መጋጠሚያውን በናስትሮ አስጠቅልሎት ነው የተመለሰው። ተሳፋሪው በሙሉ የተሳደበው እኔን ነው። ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ ካላስገባችሁ አልሠራም ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ የወጣባቸው ቤቶችም አሉ። ያ ሽቦ ኮረንቲ ሲያፈተልክ ሰውን ትቶ ወደ አፈር እንዲወርድ የሚያደርግ ነው፤ ይህን እኔ ራሴ ያወቅሁት ሐረጎ ላይ ሲያስተምረኝ ነው። ኩራቱም የጥንቃቄውን ያህል ነበር። «የሱሩር ሥራ ሰው አይነዝርም» የምትል ንግግር ከአፉ አትጠፋም ነበር።

አባቱ አባ ሙሄ የኩታበር ገበሬ ነበሩ። ሱሩር ተማሪ ሳለ በኩራዝ ነበር የሚያጠናው፤ አባቱ ገበያ ሲወጡ ጨው ሳይገዙ በፊት ላምባ ይገዙለት ነበር። ይህን ነገር ሲያጫውተኝ ሁልጊዜ ድምፁ ይለወጣል። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ሽማግሌው ብቻቸውን ቀሩ፣ ዓይናቸውም ደከመ። ቁርኣናቸውን ለማንበብ ፀሐይ ያለበትን እየተከተሉ ከደጃፍ ደጃፍ ይዞራሉ አሉ። ሱሩር ደሴ ይምጡልኝ ብሎ ለዓመታት ለመናቸው። እሳቸው ደግሞ ከሰው ቤት ገብቼ ምን እሠራለሁ ይሉታል። የልጃቸውን ቤት «የሰው ቤት» ማለታቸው ያንገበግበው ነበር። በመጨረሻ የራሱ በር ያለው ክፍል አዘጋጅልዎታለሁ ሲላቸው እሺ አሉ።

ክፍሉ ከጓሮ ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ማገዶና የማይረባ ዕቃ የሚታጎርበት። ሱሩር አጸዳው። ወለሉን ሲሚንቶ አደረገ፣ ኮርኒስ አበጀለት፣ ለቆርቆሮ በሩም አዲስ የብረት መቀርቀሪያ ገጠመለት። ሽማግሌው በጭቃ እንዳይንገላቱ ብሎም ከበሩ ሥር የውዱእ ቦታ በሲሚንቶ ሠራላቸው፤ ከሰላት በፊት ቁጭ ብለው እግራቸውን የሚታጠቡበት ደረጃ ሳይቀር። እንዲህ ያለ ፍቅር ያለበት ሥራ ከእሱ አይቼ አላውቅም። የቀረው መብራቱ ነበር። ያሰበው መስመሩን በፕላስቲክ ቱቦ ከመሬት በታች ሊቀብር፣ ለክፍሉም የራሱን የመሬት ሽቦ ሊያስገባ ነው። ጉድጓዱን እየቆፈረ ሳለ አባ ሙሄ እህል የጫነ መኪና አግኝተው ከቀጠሮው ቀድመው ዱብ አሉ።

አባቱን ጨለማ ውስጥ ማሳደር አልሆነለትም። ቤት ውስጥ የተረፈ የመብራት ገመድ ነበር፤ ከትልቁ ቤት ጣሪያ ለጣሪያ ሳበው፣ ቆርቆሮውን በምስማር በሳው፣ በቀዳዳው አስገብቶ አምፖል አንጠለጠለ። በአጥሩ ላይ ሳየው ለጊዜው ነው አለኝ፤ ክረምቱ ሲወጣ እቀብረዋለሁ። ይህን ሌላ ሰው ሠርቶት ቢሆን አጥሩን አፍርሰህ ትገባ ነበር ብዬ ቀለድኩበት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አምፖሉ ሲበራ አባ ሙሄ ረጅም ዱዓ አደረጉ። በማግሥቱ ያገኙትን ሰው ሁሉ እየጠሩ ልጄ ፀሐይዋን ቤት አስገባልኝ ይሉ ነበር። ማብሪያውን ሲጫኑ ቢስሚላህ ማለት አይረሱም። ከዚያ ወዲያ ቁርኣን ይዘው ደጅ ለደጅ ሲዞሩ ያየ የለም።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ፊርደውስ ሱሩርን በአጥሩ ላይ ጠራችው። እሱ ባስገባልን መስመር የሚሠራው ፍሪጅ እጇን እንደሚነዝራት ነገረችው። እኔ መኪናዬን እያጠብኩ ነበር፤ አባ ሙሄም ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። የሱሩር ፊት ሲለዋወጥ አየሁት። የባሰበት በአባቱ ፊት መሆኑ ነው መሰለኝ።

«የሱሩር ሥራ ሰው አይነዝርም» አላት። «ሐኪም ዘንድ ሂጂና ነርቭሽን ታዪ።»

ፊርደውስ ወደ ቤት ገባች። እኔ ተናድጄ ያን ሳምንት ጋቢናውን ለሌላ ሰው እየሰጠሁ እሱን ከኋላ ከጆንያ ጋር አስቀመጥኩት። አባ ሙሄ ግን ልጃቸውን በኩራት ነበር የሚያዩት። ሰው ሁሉ የሚፈልገው ባለሙያ፣ ሥራውን የሚያውቅ ልጅ።

የበሩ መቀርቀሪያ ላይ ጨርቅ የታሰረው ከዚያ በኋላ ነው። ከአሮጌ ሽርጥ የተቀደደ አረንጓዴ ጨርቅ ነበር፤ አባ ሙሄ ደራርበው ጠምጥመውታል። የሱሩር ሚስት ረሂማ ምንድነው ብላ ስትጠይቃቸው የደሴ ብርድ ብረቱን አላስነካ ብሎኝ ነው አሏት። ሐምሌ ነበር፤ የደሴን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው ይህን ሰምቶ ምን ይጠረጥራል? ሱሩርም ጨርቁን በየቀኑ ያየዋል፣ በእጁም ይዞት በሩን ይከፍታል። እንዲያውም አባባ ብልሃተኛ ናቸው ብሎ እየሳቀ አጫውቶኛል።

ነሐሴ ላይ ሽማግሌው እጄን ይደነዝዘኛል አሉት። ይነዝረኛል አላሉትም። ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው፤ ሐኪሙ መረመራቸው፣ ለዕድሜያቸው ደህና ናቸው ብሎ ቪታሚን አዘዘ። ሱሩር ቪታሚኑን ራሱ ነበር የሚያስውጣቸው። መቼ መቼ እንደሚደነዝዛቸው ግን ማንም አልጠየቃቸውም፤ የእርጅና ነገር ነው ብለን አለፍነው።

የዚያው ወር መጨረሻ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ተራ ይዤ ሳለ ፊርደውስ ደወለችልኝ። አባ ሙሄ ወድቀዋል፣ ሱሩርን ይዘህ ና አለችኝ። ተሳፋሪዬን ለሌላ መኪና ሰጥቼ ከፋብሪካው በር ወሰድኩት። ሐረጎ ላይ ዝናቡና ጉሙ ፊት ለፊት አላሳይ ብሎኝ መሪው ላይ ተደፍቼ ነበር የምነዳው። ሱሩር አንድ ጊዜ ብቻ ትንሽ ፍጠን አለኝ። ልቤ ግን እንደማንደርስ ነግሮኝ ነበር።

ስንደርስ አልፈዋል። ለከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት ውዱእ አድርገው፣ በሩን ከፍተው ሊገቡ ሲሉ ወድቀው ነው ረሂማ ያገኘቻቸው። ክንዳቸው እርጥብ፣ እግራቸው ባዶ፣ ማንቆርቆሪያው ተደፍቶ። ጨርቁ በዝናቡ ርሶ ያንጠባጥብ ነበር። የሰፈሩ መብራት ከዝናቡ ጋር ሄዶ ስለነበር አንስተን ስናስገባቸው ማናችንንም የነካን ነገር የለም። ስለ ኮረንቲ ያሰበ አልነበረም። በማግሥቱ ቀበርናቸው። ሰው ሁሉ ውዱእ እንዳደረጉ መሄዳቸውን እያነሳ ምን ያለ ያማረ ሞት ነው ይል ነበር፤ ሱሩርም በዚህች ቃል ተጽናንቶ ነበር። አይቼዋለሁ፣ ተጽናንቶ ነበር።

የለቅሶው ተዕዚያ ሳይበተን ከኩታበር የአባ ሙሄ የልጅነት ጓደኛ አባ ይመር መጡ። ድንኳን ውስጥ ከሱሩር አጠገብ ተቀምጠው ካለቀሱ በኋላ የአባትህ እጅ እንዴት ሆኖለት ነበር ብለው ጠየቁት። ሱሩር የሐኪሙንና የቪታሚኑን ነገር ነገራቸው።

«ለእኔ በስልክ የነገረኝ ሌላ ነው» አሉ አባ ይመር። «በሩን ስነካ ይነዝረኛል፣ ውዱእ አድርጌ ስነካው ይብስብኛል ይለኝ ነበር። ለልጅህ ንገረው ብዬ ብመክረው፣ ልጄ የእኔ ሥራ ሰው አይነዝርም ብሎ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ሕመሙ ከእኔ ነው አለኝ።»

ሽማግሎቹ አላህ ይዘንላቸው እያሉ ወደ ሌላ ጨዋታ አለፉ። ለእነሱ ያው የሕመም ወሬ ነው። ሱሩር ግን ተነሳ። ፊቱን ሳየው ተከትዬው ወጣሁ።

ክፍሉን ከቀብሩ ወዲህ የከፈተው አልነበረም። መብራት መጥቷል፣ ቀኑም ብራ ነበር። ሱሩር ከመቀርቀሪያው ላይ ጨርቁን ፈታ፤ ጠብቆ ስለታሰረ በጥርሱ ነው የፈታው። ከኪሱ የማትለየውን፣ ኮረንቲ ሲያገኛት የምትበራውን ካቻቢቴ አውጥቶ ብረቱን ነካ። ቀይዋ መብራት በራች። በሩን ነካ፣ በራች። ግድግዳውን ነካ፣ በራች። ቀና ብሎ የበሳትን ቀዳዳ አየ። ክረምቱን ሙሉ ነፋስ ገመዱን ከቆርቆሮው ጠርዝ ጋር ሲያፋትገው ከርሞ ላስቲኩ ተበልቶ መዳቡ ወጥቷል። ያ የመሬት ሽቦ ገብቶ ቢሆን ብሬከሩ በመጀመሪያው ቀን ይወርድ ነበር። ይህንም ያስተማረኝ እሱ ነው።

ከዚያ ሳላስበው በጣቶቹ ጀርባ መቀርቀሪያውን ነካው። ክንዱ ተወራጨ። መልሶ ነካው። ልይዘው ስል በሌላ እጁ ገፋኝ።

«ይቻላል» አለኝ። «ቀኑ ደረቅ ሲሆን የሚቻል ነው። ችለውት ነው የኖሩት።»

ሮጬ ብሬከሩን አወረድኩ። ስመለስ ውዱእ ቦታው ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ጨርቁን በእጁ ይዞ። አንጀቴን በላኝ፤ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

ዝም ማለት ይችል ነበር። እኔ እንደሆንኩ ለማንም አልነግርም ነበር። እሱ ግን ድንኳን ገብቶ ቆሞ አባቴን የያዛቸው እኔ የሳብኩት መስመር ነው ብሎ ተናገረ። ሽማግሎቹ ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው አሉት። አባ ይመር ግን አንድ ነገር ጠየቁት።

«ቢነግርህ ኖሮ ትቆጣው ነበር?» አሉት።

«አልቆጣም ነበር» አለ ሱሩር። «ወዲያው አስተካክለው ነበር። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ አዲስ ሥራ አይቀበልም። ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ይመለሳል፤ ቅዳሜና እሁድ እስከ ዛሬ መብራት ያስገባባቸውን ቤቶች እየዞረ ያያል። በር አንኳኩቶ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይነዝራችኋል ወይ? ሰው ደግሞ ያዝንለታል። የለም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የለም፣ አብሽር ይለዋል። ይህን ሲሉት እያመሰገነ ይወጣል፤ ግን ሳያምናቸው እንደሚወጣ አውቃለሁ።

ባለፈው እሁድ የእኛ ተራ ደረሰ። ፊርደውስ ጥያቄውን እንኳ አላስጨረሰችውም፤ የለም፣ ደህና ነው፣ ይልቅ ሻይ ላምጣልህ አለችው። ሱሩር ግን ፍሪጁን እያየ ቆሞ ቀረ። እጀታው ላይ ጨርቅ ታስሯል። ሴቶች እንዳይቆሽሽ ብለው የሚያስሩት ዓይነት፤ እኔም ስገባ ስወጣ የማየው ጨርቅ ነው።

ምንድነው አላት። እንዳይቆሽሽ ነው አለችው፣ መሬት መሬቱን እያየች።

«ፊርደውስ» አላት፣ «በአላህ ይሁንብሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

ባለቤቴ እንባዋ መጣ። እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው።

«ይነዝረኛል» አለችው። «እስከ ዛሬም ይነዝረኛል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሱሩር፤ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎም አለቀሰ። አባቱን ስንቀብር እንኳ እንዲያ አላለቀሰም። ሲበቃው ተነሳና ብሬከሩን እንዳወርድለት ነገረኝ።