ቀርቀሃው ላይ የታሰረው ሽቦ

ሰው በቀላሉ አላምንም፤ ኤሌክትሪሺያን ደግሞ ጭራሽ። የምሠራው ዳንግላ ነው፤ እናቴ እንጅባራ ብቻዋን ትኖራለች። የቤቷ ካርታ ስላላለቀ የራሷ ቆጣሪ የላትም። እንደ ብዙው የሰፈሯ ሰው መብራት የምታገኘው ከጎረቤት ቆጣሪ ላይ በተሳበ ሽቦ ነው። ሽቦው ከግቢ ግቢ የሚያልፈው የቀርቀሃው አጥር ላይ ታስሮ ነው፤ የእንጅባራ ዝናብ ደግሞ አጥሩ ሲደርቅ ማየት አይወድም።

ባለፈው ክረምት ልጠይቃት ስሄድ የሽቦው ሽፋን አንድ ቦታ ላይ ተልጦ አየሁት። ክው አልሁ። ባለሙያ ከመጥራቴ በፊት ግን እንዳልታለል ብዬ ስለ ኤሌክትሪክ ሥራ የወጣውን መመሪያ በስልኬ አውርጄ የቃላት ትርጓሜውን አነበብሁ። ኤሌክትሪሺያን ማለት የብቃት ማረጋገጫ ያለው ሰው ነው፤ ፒንሳ የያዘ ሁሉ አይደለም። አምፖል መቀየር የኤሌክትሪክ ሥራ አይባልም፤ መስመር መዘርጋትና መጠገን ግን ይባላል። ደንበኛ ማለት ደግሞ ቆጣሪው በስሙ የሆነ ነው። ደስ አላለኝም። "ማለት" የሚል ቃል ባለበት ሁሉ አንድ ሰው ውጭ ይቀራል።

ባለሙያው በባጃጅ መጣ። ገና ሳይወርድ የብቃት ወረቀቱን ጠየቅሁት። ፎቶው ላይ ጢም የለም፤ ፊቱ ላይ አለ።

"እህቴ፣ በቅሎ ነው" አለኝ።

ማህተሙን በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አደረግሁት። አልለቀቀም።

ቴስተሩን እርጥቡ ቀርቀሃ ላይ አስነካው፤ ቴስተሩ በራ፤ አጥሩ ራሱ ኤሌክትሪክ ይዟል። ወዲያው ወደ ኋላ ሸሸ።

"ይህን አልነካም።"

"ለምን?"

"ቆጣሪው የጎረቤት ነው። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ብነካው ጥፋተኛው እኔ ነኝ።"

ማምለጫ አገኘ አልሁ በሆዴ። ስልኬ ላይ ፈልጌ አነበብሁት፤ ልክ ነው። ልክ መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ።

ባለ ቆጣሪው ጎረቤታችን ሽማግሌ ናቸው። ላስፈቅዳቸው ስነሳ እናቴ በሩን ይዛ ቆመች።

"አትሂጂ!"

"እማ፣ ሽቦው ይገድልሻል እኮ።"

"መች አጣሁት? ክረምት በመጣ ቁጥር ይነዝረኛል።"

እስካሁን ያልነገረችኝ መብራቱን ታስቆርጥብኛለች ብላ ነው። እኔ ሰውን ሁሉ ስጠረጥር፣ እሷ እኔን ጠርጥራ ኖሯል።

አልፌያት ሄጄ ነገርኋቸው። ሽማግሌው ደነገጡ። "ከእኔ ቤት በወጣ መብራት ሰው ይሙት?" ብለው በገዛ እጃቸው አጠፉት። ባለሙያው ሽቦውን ከአጥሩ ፈትቶ አወረደው። በደህና ሽቦ አድርገህ መልስልን ብዬ ብጠይቀው አይሆንም ሲል ራሱን ነቀነቀ። ከአንድ ሰው ቆጣሪ ወደ ሌላ ግቢ መሳብ አይፈቀድለትም። እናቴ በስሟ ቆጣሪ ማስገባት አለባት፤ ለዚያ ካርታው ማለቅ አለበት፤ ካርታው መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም።

ሲመሽ ሻማ ለኮስሁ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች።

"ተርፈሻል እኮ፣ እማ" አልኋት።

"ቢገድለኝም በብርሃን እያየሁ ነበር የምሞተው" አለችኝ።