ጭሴን የደበቅኩበት ምርመራ

መኪናዬ በጣም ታጨስ ነበር። ዛሬ በቀላሉ እናገረዋለሁ፤ ያኔ ግን ሰው ቢለኝ እጣላ ነበር። ከመርሳ ሽንኩርት ጭኜ ወደ ወልድያ ስወጣ በመስታወት ወደ ኋላ ባይ መንገዱ አይታየኝም። «ናፍጣው ነው» እላለሁ። ሌላ ቦታ ስቀዳ ደግሞ «ዳገቱ ነው» እላለሁ። ሞተሩ ከትዳሬ በላይ ማርጀቱን አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም።

ዳገቱ ሲጀምር፣ መንገድ ዳር፣ ፓፓያ የሚሸጡ አንድ የሐብሩ ሽማግሌ ገበሬ አሉ። እኔ ማርሽ ቀንሼ ነዳጅ የምሰጠው ልክ እሳቸው ፊት ስደርስ ነው። አንድ ቀን በእጃቸው አስቆሙኝና ጥላሸት የለበሰ ፓፓያ አሳዩኝ።

«ልጄ፣ ይኼ ጠዋት ቢጫ ነበር» አሉ።

«አባቴ፣ ለምን ከመንገዱ ትንሽ ራቅ አይሉም?» አልኳቸው።

እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል። እሳቸው ግን «ራቅ ብልማ ማን አይቶኝ ይገዛኛል?» አሉ።

ባለፈው ዓመት መርሳ ላይ፣ ከትራንስፖርት ቢሮው በር አጠገብ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ያረጁ የጭነት መኪኖች ለጭስ ምርመራ ወልድያ ይቅረቡ» ይላል። ማንበቤን እዚያ ላይ አቆምኩ። ከሥሩ ሌላ አንቀጽ እንዳለ አይቻለሁ፤ ግን ምርመራ ከተባለ ቀሪው ከቅጣት ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በቀጥታ ሻይ ቤት ገብቼ ለሾፌሩ ሁሉ «የሚያጨስ መኪና ሊያግዱ ነው!» ብዬ አወጅኩ። ወሬው በኔ ምክንያት እስከ ወልድያ ደረሰ።

ብልሃቱም ለኔ ብቻ የመጣልኝ መሰለኝ። የሚስቴ ወንድም የኔን ዓይነት፣ ግን አዲስ መኪና አለው። ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ፓምፕና የሚረጩትን ኖዝሎች ለሁለት ቀን እንዲያውሰኝ ለመንኩት።

«ምን ልታደርግበት?»

«ላስመረምርበት።»

«ታዲያ የሚመረመረው ያንተ መኪና ነው ወይስ የኔ?»

ሚስቴ ገብታ አስማማችን። ዕቃውን አስገጠምኩ፤ ፊልትሮ ቀየርኩ፤ የጭስ መውጫውን፣ የማርሚታውን፣ ጥላሸት ሁሉ አራገፍኩ። ጎማውን ሳይቀር አጠብኩ፤ ጎማ የሚያጨስ ይመስል።

ወልድያ ስደርስ ሰልፉ ረጅም ነው። ከፊቴ ያሉት መኪኖች ያለ አንዳች ሀፍረት ያጨሳሉ። ከልቤ አዘንኩላቸው። ተራዬ ሲደርስ መርማሪዋ፣ አንዲት ወጣት ባለሙያ፣ ቀጭን ቱቦ ማርሚታው ውስጥ አስገብታ «ነዳጅ ይስጡ» አለችኝ። ሰጠሁ። «ይድገሙት።» ደገምኩት። መሣሪያዋን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ንጹሕ ሞተር አይቼ አላውቅም።»

«አያያዝ ነው» አልኳት።

በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። ወርጄ ለተሰለፉት ሾፌሮች ስለ ሞተር አያያዝ ንግግር አደረግኩ። አንዱ እንዲያውም ማስታወሻ ያዘ። ንግግሬን ሳልጨርስ ባለሙያዋ ዝርዝር ይዛ መጣችና «ጭሳቸው ከልክ ያለፈ ሁሉ አየር እንዳይበክሉ፣ መንግሥት በመደበው ድጋፍ ሞተራቸው ይታደሳል። ፓምፕና ኖዝልም ይቀየርላቸዋል» አለች። ሁሉም አጨበጨበ። ነገሩ እስኪገባኝ ድረስ እኔም አጨበጨብኩ።

«እኔስ?»

«እርስዎማ ምንም አያስፈልግዎትም» አለችና መኪናዬ ንጹሕ መሆኗን የሚመሰክር ወረቀት ሰጠችኝ።

በማግስቱ የሚስቴ ወንድም ዕቃውን ፈትቶ ወሰደ፤ እኔም አሮጌውን መልሼ አስገጠምኩ። ሚስቴ ደግሞ ሄዳ ማስታወቂያውን አንብባ ተመለሰች። ሁለተኛው አንቀጽ ስለ ድጋፉ ነበር። «ሁለት አንቀጽ አቃተህ?» አለችኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሽማግሌው ዳገቱ ላይ እንደገና አስቆሙኝ። መስታወቱ ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት አይተው «ምን ይላል?» አሉ። «ይህች መኪና አታጨስም ይላል» አልኳቸው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ያኔ መደበቁ ሰለቸኝና ሁሉንም ነገርኳቸው። «መኪናዬ ታጨሳለች» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«ታዲያ ሄደህ አትነግራቸውም?»

«ወረቀት ሰጥተውኝ እያለ ማን ያምነኛል፣ አባቴ?»

«እኔ እመሰክርልሃለሁ።»

በማግስቱ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው አብረን ወልድያ ገባን። ባለሙያዋ ገና ስታየኝ «የአያያዙ ጋሼ!» አለች። ሽማግሌው ግን ሰላምታ ተለዋውጠው በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገቡ።

«ይህ ሰው ዋሽቷችኋል። ወላሂ፣ በዚያ መንገድ ከሚያልፈው መኪና ሁሉ የሱን ያህል የሚያጨስ የለም። ስንት ዓመት ጭሱን በልቻለሁ!»

«እውነታቸውን ነው» አልኩ፤ አንገቴን ደፍቼ። በሕይወቴ እንዲህ በትጋት የመሰከረልኝ ሰው አላጋጠመኝም።

ልጅቱ ተቆጣች፤ መቆጣትም ነበረባት። ወረቀቱን ቀድዳ ጣለችና ቱቦዋን ይዛ ወጣች። «ነዳጅ ይስጡ!» ሰጠሁ። የቢሮው መስኮቶች ተራ በተራ ሲዘጉ ሰማሁ። እሷ እያሳለች መዝገቡ መጨረሻ ላይ ስሜን ጻፈች። «ከሁሉም ኋላ ነው የሚደርስዎት» አለችኝ።

እንዳለችውም ሆነ። ሌሎቹ አሳድሰው ሲጨርሱ እኔ ገና እጠብቅ ነበር። ወራት ቆይቶ ጋራዥ ስገባ መካኒኩ አሮጌውን ፓምፕ ፈትቶ በእጁ አገላበጠውና «በዚህ ነው ሰው ስታስተምር የነበረው?» አለኝ። ንግግሬ እሱም ዘንድ ደርሷል።

አሁን ጭሱ ቀርቷል፤ ሽማግሌውም በገበያ ቀን ከኔ ጋር ወልድያ ይወጣሉ። ጋቢና ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምረው ይነግሩታል፤ የኔንም ድምፅ አስመስለው «አያያዝ ነው» ይላሉ። እኔ መሪዬን ይዤ እሰማለሁ። የዘለሉት ነገር ካለ ራሴ እጨምርላቸዋለሁ።