ብሩ የሚገባው ለባለቤቱ ነው

ባሌን «ባለቤቴ» ብዬ መጥራት ትቻለሁ። ጨዋ ቃል እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናቴም አባቴን ስትጠራ የኖረችው በሱ ነው። ግን ከአማቴ ጋር ያቃቃረኝ ይኸው ቃል ነው፣ እና እስከ ዛሬ ስሰማው ያመኛል።

ነገሩ የመጣው በካርቶን ቼክ ነው። ባሌ የእሽቅድምድም መኪና ነጂ ነው። ስቶክ ካር ይሉታል፤ ከውጭ ሲያዩት የመንገድ መኪና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ከአንድ ወንበርና ከብረት በቀር ምንም የለበትም። በዚያ መኪና ክብ ሜዳ ላይ ወደ ግራ ብቻ እየዞረ ይሽቀዳደማል። ሌላ ሥራ የለውም። ሰው ሲጠይቀኝ «ሹፌር ነው» እላለሁ፤ «ታክሲ ነው ትራክ?» ይሉኛል፤ ማስረዳቱ ስለሚታክተኝ «ትራክ» ብዬ አልፋለሁ።

አንድ ቅዳሜ አንደኛ ወጣ። ከቁመቱ የሚተልቅ የካርቶን ቼክ አስታቅፈው ፎቶ አነሱት። ፎቶውን ማን እንደለቀቀው እግዜር ይወቅ፣ በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ያላየው ሰው አልነበረም። እኔን ሰላም ብሎኝ የማያውቀው ሁሉ እየመጣ ጉንጬን ሳመኝ። እዚሁ ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ያላት ጓደኛዬማ ገና ከበር ስታየኝ እልልታዋን አቀለጠችው።

«ሪች ሆናችሁ አይደል? እኔ ለሁሉም ሼር አድርጌዋለሁ!»

«ብሩ እኮ የሱ አይደለም» አልኳት።

«ምን ትቀልጃለሽ? ስሙ ቼኩ ላይ ተጽፏል እኮ!»

አዎ፣ ስሙ ተጽፏል። ካርቶን ግን ባንክ አይገባም። ይህን ለስንት ሰው እንዳስረዳሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ሽልማቱ የሚከፈለው ለመኪናው ባለቤት ነው። የኛው ሰውዬ ሳን ሆዜ ውስጥ ጋራዥ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። አንደኛ ለወጣ ብዙ፣ ወደ ታች ለወረደ እያነሰ፣ መጨረሻ ለወጣም ትንሽ ነገር ይደርሰዋል፤ ሁሉም ግን መጀመሪያ እሳቸው እጅ ይገባል። እሳቸው የጎማውን፣ የሞተሩን፣ የመካኒኮቹን ያነሱና ከተረፈው በውሉ መሠረት የነጂውን ድርሻ ይሰጡታል። ደመወዝ ያላቸው ነጂዎች አሉ፣ ሽልማት ሲገኝ ከደመወዛቸው ላይ ይጨመርላቸዋል። የኔው ደመወዝ የለውም። ድርሻው ሲመጣ ደግሞ የኦክላንድ የቤት ኪራይ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ያን ሰሞን ሰው ይህን ሁሉ ከሰማኝ በኋላ ፈገግ ብሎ «መቼስ አትናገሩም» ይለኝ ነበር።

የሌላውስ ይሁን፣ የጎዳኝ የአማቴ ነው። አማቴ የሚኖሩት ከኦክላንድ ብዙ በማይርቀው ኤል ሴሪቶ ነው። ያኔ ልጄን ወልጄ የወሊድ ፈቃዴ እያለቀ ነበር። እኔ ሥራ ስመለስ እሳቸው እኛ ዘንድ መጥተው ሕፃኗን ሊይዙልኝ ተስማምተናል። የሕፃናት ማቆያ ዋጋ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ጭንቀቴ ይገባዋል። እሳቸው ካልመጡ ሥራዬን መልቀቄ ነው። ባሌ እንዳይይዛት የሳምንቱን ግማሽ መኪናውን ጭኖ ሌላ ከተማ ነው።

ታዲያ አማቴ ፎቶውን አዩና ለልጃቸው ደወሉ። እሱ ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ሞተር ያጓራል። እናት ደስታቸውን ገልጸው ሲያበቁ ብሩን ምን ልታደርጉበት ነው ብለው ጠየቁት። ጌታው እንዲህ ብሎ መለሰ፦

«እማዬ፣ እዚህ አገር ነጂ ሲያሸንፍ ብሩ የሚገባው ለባለቤቱ ነው። ለነጂው የሚደርሰው ጥቂት ነው።»

አለና ስልኩን ዘጋው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! «ለመኪናው ባለቤት» ቢል ምላሱ አይሰበርም ነበር።

እኔ ይህን አላወቅኩም። ያወቅኩት አማቴ እንደተለወጡ ብቻ ነው። ስደውል «ደህና ነኝ» ብለው ያበቃሉ። ስለ መምጣታቸው ሳነሳ «እግሬን አሞኛል፣ የምመጣም አይመስለኝ» አሉኝ። ሐኪም ጋ ልውሰድዎ ስላቸው «አንቺን አላደክምም፣ ሥራ ይበዛብሻል» አሉ። ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ያቺ ጓደኛዬ ደወለችልኝ።

«አማትሽ የሚሉትን ሰምተሻል? ‹እዚህ አገር ልጄ ይሮጣል፣ ሚስቱ ትሸለማለች› ይላሉ አሉ። የአሜሪካ ሕግ ነው ብለው አምነዋል።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ኤል ሴሪቶ የተባለው ኦክላንድ ሳይደርስ አላደረም። ባሌን ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና ሳቀ፣ እኔ ደግሞ ሳቁን አይቼ በእልህ አለቀስኩ።

«ሚስአንደርስታንድ አድርጋኝ ነው» አለ። «አንቺ ኮል አድርጊላትና አስረጃት።»

«ብሩን ወሰደች የተባልኩት እኔ፣ አልወሰድኩም ብዬ የማስረዳው እኔ?»

ሥራ ልገባ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ እሑድ፣ ሕፃኗን ታቅፌ እሱን እየነዘነዝኩ ኤል ሴሪቶ ወሰድኩት። አማቴ ልጄን ሳሟት፤ እኔን ግን በጨዋ ደንብ ብቻ ሰላም አሉኝ። ተቀመጥን። ባሌን በክርኔ ጎሸም አደረግኩት።

«እማዬ፣ ባለቤቱ ያልኩሽ ሚስቱ ማለቴ አይደለም። ኦውነሩ ማለቴ ነው።»

«የምን ኦውነር?»

«የመኪናው።»

«መኪናው ያንተ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። የሰውዬው ነው።»

ደስ ይላቸዋል፣ ይቅርታም ባይሉኝ ፊታቸው ይፈታል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ከፋቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«የሰው መኪና ይዘህ ነው እንዲያ የምትከንፈው? ቢሰበርስ?»

«ባለቤቱ ያሠራዋል።»

«አንተስ ስትሰበር?»

«ምን እሰበራለሁ እማዬ፣ ደግሞ የሕክምና ኢንሹራንስ አለኝ።»

«ሰውዬው ገብቶልህ?»

ባሌ አንገቱን አከከ። እኔ ያኔ ወሬው ወዴት እንደሚሄድ አላየሁም፤ ስለ ድርሻ ማስረዳቱን ለምን አይጨርስም ብዬ እበግን ነበር።

«አይ» አለ ቀስ ብሎ። «በሷ ሥራ በኩል ነው፣ ሥራዋን ከለቀቀች የለም።» በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። ስለ ሽልማቱ፣ ስለ ሰውዬው፣ ለሰው ስለተናገሩት አንድም ነገር አላነሱም።

«ሥራ የምትገቢው መቼ ነው?» አሉኝ።

«ነገ ነው፣ እማማ።»

«ሻንጣዬ ከቁም ሣጥኑ ላይ ነው፣ አውርጂልኝ» አሉ።

ልጄን ለአባቷ ሰጥቼ አወረድኩላቸው።