ከአጥሩ ወዲያ የቆመው አባት

ጃፓን ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ የሆነው ኩራሞቺ በየዓመቱ የስፖርት ቀን ሲደርስ አንድ ጋናዊ ሰውዬ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያገኛል። በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሶ፣ በብብቱ እንደሌሎቹ ወላጆች ሜዳው ላይ የሚነጠፍ ሸራ፣ በእጁ የሁለት ሰው ምሳ ይዞ ይቆማል። ሸራውን አንጥፎት አያውቅም። ከጃፓናዊት ሚስቱ ሲፋታ ሴት ልጃቸው ለእናቷ ተፈርዳ፣ እሱ ትምህርት ቤቱ ግቢ ድርሽ እንዳይል ተከልክሏል።

ድሮ ልጁን ለማግኘት አይቸገርም ነበር። ያ ሁሉ ልጅ አንድ ዓይነት ቀይ ኮፍያ ቢያደርግም፣ የሷ ከርዳዳ ፀጉር ኮፍያውን አሽቀንጥሮ ሊጥለው ይደርስ ነበር። ዘንድሮ ግን እናትየው ፀጉሯን አስተኩሳ እንደሌሎቹ ልጥፍ አስደርጋዋለች፤ ከአጥሩ ርቀት ደግሞ መልክ አይለይም።

"አባባ፣ የትኛዋ ናት?" አለ ሰውዬው ኩራሞቺን በአጥሩ ሽቦ ቀዳዳ።

ኩራሞቺ ያውቃል። ግን ዳይሬክተሩ ከኋላው ቆሟል።

"እኔ የበር ዘበኛ ነኝ እንጂ የልጅ መዝገብ ነኝ እንዴ?" አለው።

ሩጫው ተጀመረ። ሰውዬው ለአንደኛዋ አጨበጨበ፤ ለመጨረሻዋም፣ ወድቃ ለተነሳችውም አጨበጨበ።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄኛው እኮ ወንድ ነው!" አለው ኩራሞቺ።

"ይሁን፣ አባባ" አለ እጁን ሳያቆም። "ለሁሉም ካጨበጨብኩ አንዷ እሷ መሆኗ አይቀርም።"